ቱቱ ፈላ፦ የሁለተኛው ጠራቢ ጥያቄ

ስለ አገራችን ትክል ድንጋዮች በተጻፈ ቁጥር ድንጋዩ ይወሳል፤ መቃብሩ ይዘነጋል። ፎቶግራፍ አንሺው አንዱን ሐውልት ከብዙዎቹ ለይቶ ሰማዩን ጀርባ ያደርግለታል፤ ጸሐፊውም የቅርጹን ውበት አድንቆ ያልፋል። ይህ አመለካከት ምን ያህል ጎዶሎ እንደ ሆነ ለመገንዘብ በጌዴኦ ምድር የሚገኘውን የቱቱ ፈላን ጉብታ ወጥቶ ማየት ይበቃል።

ከዲላ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ደጋው የሚወጣ መንገደኛ በእንሰት፣ በቡናና በጥላ ዛፎች መካከል ያልፋል። ከስፍራው ሲደርስ የሚያገኘው ከድንጋይ የተከመረ ሰፊ የመቃብር ጉብታ ነው። በላዩም 300 ያህል ትክል ድንጋዮች ከፊሉ ቆመው፣ ከፊሉ አዘንብለው፣ ከፊሉም ወድቀው ይታያሉ። ጎብኚው እግሩ ያረፈበት ክምር የሙታን ጣሪያ መሆኑን እስኪያስተውል ድረስ ዓይኑ ሥርዓት ፈልጎ ያጣል።

ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሳዊ አርኪኦሎጂስት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመሩት ቁፋሮ፣ በዚህ ስፍራ ሁለት የመቃብር ዘመናት ተደራርበው መገኘታቸው ታውቋል። የቀደመው ዘመን ድንጋዮች በወንድ አባለ ዘር አምሳል የተጠረቡ ሲሆኑ፣ የኋለኛው ዘመን ድንጋዮች የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ናቸው። ለሐያሲ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከሰው አምሳዮቹ አንዳንዶቹ የቀድሞዎቹ ድንጋዮች እንደ ገና ተጠርበው የተገኙ መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ጠራቢ አጥፊ ነው ወይስ ከያኒ? የዛሬው የቅርስ ጥበቃ ሕግ ቢዳኘው ያለ ጥርጥር ይፈረድበታል። ሥራውን በጥሞና ለሚመለከት ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ይህ ጠራቢ የተቀበለው ያለቀለት ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱንና ቁመቱን የወሰነለት ሌላ እጅ ነው። ስለዚህ ክንድን ከአካል ነጥሎ ሊዘረጋ አልቻለም፤ ፊቱንም ክንዱንም በድንጋዩ ገጽ ላይ በመስመር ማውጣት ነበረበት። የቀዳሚውን አሻራ ፈጽሞ ሳያጠፋ የራሱን ሰው ከውስጡ አወጣ። በእኛ አስተያየት የቱቱ ፈላ ጥበብ ኃይል የሚመነጨው ከዚህ የሁለት እጆች ክርክር ነው።

የዘመኑም ርዝመት ቢሆን ለጥድፊያ ፍርድ አይመችም። በዚያው በጌዴኦ በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው ምዕት ዓመት ዓ.ም. እንደሚደርሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አመልክቷል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል። እንግዲያው «የአንድ ዘመን፣ የአንድ እጅ ሥራ» የሚል መግለጫ በየትም ቢጻፍ ሐሰት መሆኑ ነው።

አንዳንዶች «የወደቀው ሁሉ ይነሣ፣ ይስተካከል፤ ለጎብኚ ዓይን ይመች» ይላሉ። ሁለተኛው ጠራቢ አሮጌውን ድንጋይ ከነካ እኛስ ለምን አንነካም የሚል ሙግትም ሊያነሡ ይችላሉ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። እርሱ ድንጋዩን የነካው በክምሩ ውስጥ የሚቀበር ሙት ስለ ነበረው ነው፤ እኛ የምናስተካክለው ለፎቶግራፍ ነው። ሊወድቅ የተቃረበውን መደገፍ ተገቢ ነው፤ የወደቀውን በግምት አቁሞ በሰልፍ ማስገባት ግን በጉብታው ላይ ሦስተኛና ሐሰተኛ ዘመን መጨመር ነው። ድንጋዩን ነቅሎ ከተማ ውስጥ በአጸድ መካከል ማቆምም ቢሆን ሐውልቱን ከሟቹ መለየት ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዩ ብቻውን አልተመዘገበም፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ደኑና አራሹ ገበሬ አብረው ተመዝግበዋል። ይህ ትክክለኛ ሂስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም መዝገብ ብቻውን ጉብታን አይጠብቅም። ነገ ወደ ቱቱ ፈላ የሚወጣ ሁሉ ካሜራውን ወደ አንዱ ድንጋይ ከማቅናቱ በፊት ከጉብታው ግርጌ ቆሞ ክምሩን በሙሉ ይመልከት፤ የሥራው ሙሉ አካል እርሱ ነውና።