አብሮ የማይሰፋ ማጠናከሪያ

አማኑኤልና ምናለሽ ተራ አካባቢ ለምንሠራ በያጆች ፈታኙ ሥራ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ጥገና ነው። ደንበኛው «ጠንከር ያለ ነገር ለጥፍበት» ይላል። ጠንካራው ነገር ከምድጃው ጋር ይስማማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ ተራ ላሜራ ላይ ስቴንለስ ተበይዶበት የተሰነጠቀ ምድጃ ይመጣል። ብየዳው ራሱ እንከን የለውም፤ በቀዝቃዛው ቢቀጠቅጡት አይነቃነቅም። ስንጥቁ ያለው ከብየዳው ጥግ ነው፤ ፀጉር ያህል ቀጥኖ ጠርዙን ተከትሎ ይሄዳል። 1 ሜትር ተራ ብረት በ600 ዲግሪ ሲግል 8 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተለመደው ስቴንለስ ግን 11 ይጠጋል። ምድጃው በበራና በጠፋ ቁጥር ሁለቱ ይጓተታሉ። ፌሮ ኮንክሪትን የሚያጠነክረውም ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በሙቀት የሚሰፉት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ጭምር ነው።

የአውሮፕላን ሞተር ባለሙያዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። ቲታኒየም የሚቀልጠው በ1668 ዲግሪ ነው፤ ከብረት ይበልጣል፣ ክብደቱም ከብረት እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም 600 ዲግሪን ሲያልፍ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የአየሩን ኦክሲጅን እየሳበም ገጹ ተሰባሪ ይሆናል። ጉልበት እንዲያገኝ የሲሊኮን ካርባይድ ክር ይጨመርበታል። ክሩ በጣም ጠንካራ ነው፤ የሚሰፋው ግን የቲታኒየሙን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሲግልም ከቲታኒየሙ ጋር ስለሚዋሃድና ስለሚጎዳ በካርቦን መሸፈን አለበት።

እኔን የሚማርከኝ ሌላው መንገድ ነው። የቲታኒየምና የቲታኒየም ዳይቦራይድ ዱቄት ተደባልቆ ሲግል፣ ደቃቅ የቲታኒየም ቦራይድ መርፌዎች እዚያው ብረቱ ውስጥ ይበቅላሉ። ከውጭ የገባ ባዕድ ስላልሆኑ ከቲታኒየሙ ጋር አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ከሞላ ጎደል እኩል ይሄዳሉ። ኦክሲጅንን ግን አይከለክሉም፤ ለዚያ ራሱን የቻለ ልባስ ያስፈልጋል።

ምድጃ የምትጠግኑ ወንድሞቼ፣ ስቴንለስ ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ማግኔት የማይነካው ዓይነት ብዙ የሚሰፋው ነው። ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ከተራው ላሜራ ጋር ተቀራርቦ ይሰፋል፤ ለምድጃ እሱን ምረጡ።