ጣታችሁን ያስታውሳል፣ ሥራችሁን ግን አያውቅም

ዳታቤዝን በጥቁሩ መስኮት የነካካችሁ ይህን ታውቃላችሁ፦ የላይ ቀስቱን ስትጫኑ ቅድም የጻፋችሁት ትዕዛዝ ተመልሶ ይመጣል። የፖስትግሬስኪውኤል የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም፣ ፒኤስኪውኤል፣ የጻፋችሁትን «ታሪክ» በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ካልቀየራችሁት የመጨረሻዎቹን 500 ይይዛል። ምቹ ነው፤ እኔም ያለሱ መሥራት አልወድም። ቅሬታዬ ይህን ፋይል እንደ መዝገብ በሚያምኑት ላይ ነው።

ለምን ያሳስባል? በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ሲወስን ስሙን የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው። ቃሉ መጠበቁ የሚታወቀው በቁጥር ነው። የጤና ቁጥሮቻችን የሚሰበሰቡበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ ከሥሩ የሚሠራው በፖስትግሬስኪውኤል ነው።

እንግዲህ አንድ ባለሙያ የዋግ ኽምራ አንድ ጤና ጣቢያ የላከውን የወር ሪፖርት ሊያርም ተቀመጠ እንበል። (በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ ማረም ራሱ ደግ አይደለም፤ ግን ይደረጋል።) «ቁጥሩን ቀይር» ብሎ ጻፈ፣ «የዚህን ጤና ጣቢያ ብቻ» የሚለውን ረሳ። ፕሮግራሙ ወዲያው የተቀየሩትን ረድፎች ብዛት ይነግረዋል፤ 1 ሲጠብቅ በሺዎች! ታሪክ ፋይሉ ውስጥስ ምን ይቀራል? የጻፋት መስመር ብቻ። ስንት ረድፍ ተበላሸ፣ በፊት ቁጥሩ ስንት ነበር፣ በስንት ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። የተሳካው ትዕዛዝና ስሕተት ተብሎ የተመለሰው እንኳ አይለዩም። ይባስ ብሎ ፋይሉ የሚጻፈው ከፕሮግራሙ ስትወጡ ነው፤ መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ከገባችሁ ጀምሮ የጻፋችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አባቶቻችን በዚህ ይበልጡናል። የመሬት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ሲጻፍ በማን ዘመን እንደሆነና እነማን እንደመሰከሩ አብሮ ይሰፍር ነበር።

ፒኤስኪውኤልን ስታስነሱ ሰረዝና ትልቁን «ኤል» ከፋይል ስም ጋር ብትጨምሩ ትዕዛዙንም ውጤቱንም ይጽፍላችኋል። በማይኤስኪውኤል «ቲ» የሚባለው ትዕዛዝ ለዚሁ ነው። ይህም ቢሆን በባለቤቱ እጅ ያለ ፋይል ነው፤ ካሻው ይሰርዘዋል።

የተሻለው ምስክር ሰርቨሩ ራሱ ነው። የሚቀይሩ ትዕዛዞችን ሁሉ ከነሰዓታቸው፣ ከፈለጋችሁም ከተጠቃሚው ስም ጋር እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል። ሲጫን ግን ይህ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዲስክ ይበላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ለጤና ቁጥር ግን አሳማኝ ምክንያት አይመስለኝም። የቀድሞውን ቁጥር ለመመለስ ባክአፕ የግድ ነው፤ ሎጉ አይመልሰውም። ደግሞ ትዕዛዙ ውስጥ የታማሚ ስም ካለ ሎጉ ውስጥም ይገባልና፣ ከመክፈታችሁ በፊት ማን እንደሚያነበው ወስኑ።