«ደክሞኛል» ማለት ነውር ነው እንዴ?

እንቅልፍ በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ልጅን «እንቅልፋም» ካልነው ሰደብነው ማለት ነው። «ዐይኑን ሳይከድን አደረ» ካልን ደግሞ አመሰገንነው። ጫቱን ቅሞ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ያነጋን ሾፌር «ጀግና ነው» እያልን የምናወራ ሰዎች ነን።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። አየር መንገዱ ይህንኑ ገልጾ፣ ነገሩ እስኪጣራ አብራሪዎቹን ከበረራ ማግለሉን አስታወቀ። የአቪዬሽን ዘገባዎች ደግሞ አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው፣ አውሮፕላኑ መውረድ ያለበትን ቦታ አልፎ ሄደ አሉ። ደግነቱ በሰላም አረፈ። ከዚያማ ቀልዱ ደራ። እኔ የሰማሁት ጨዋታ ሁሉ «ሰው እንዴት አውሮፕላን ይዞ ይተኛል!» የሚል ነበር። «ስንት ሰዓት ነቅተው ቆይተው ይሆን?» ያለ ግን አልገጠመኝም።

ሰውነት ማዕረግ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕንድ ማንጋሎር ላይ 158 ሰዎች ባለቁበት አደጋ፣ የድምፅ መቅጃው የዋና አብራሪውን ማንኮራፋት ቀርጾ ተገኝቷል። በ2009 አሜሪካ ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰዎች የሞቱበት በረራ ረዳት አብራሪ፣ ወደ ሥራዋ ለመድረስ ሌሊቱን ከሲያትል ስትጓዝ ያደረች ነበረች። አሜሪካኖቹ ከዚያ በኋላ ሕግ አወጡ፤ ከ2014 ጀምሮ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ማረፍ አለበት አሉ። የዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አብራሪዎችን ግን ከሕጉ አስቀሯቸው! ካርቶን የጫነ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም ያለው ማነው? በ2013 በርሚንግሃም ላይ አንድ የዕቃ አውሮፕላን ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎቹ ድካምን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጻፉት።

ድካምን መለካት ይቻላል። እጅ ላይ የሚታሰር የእንቅልፍ መከታተያ አለ። አብራሪው ከ1 እስከ 7 ድካሙን የሚመዝንበት መጠይቅ አለ። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ናሳ በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በበረራ ላይ ተራ ገብተው በአማካይ 26 ደቂቃ ያሸለቡ አብራሪዎች ካላሸለቡት የበለጠ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። ካናዳና አውሮፓ ይህን ይፈቅዳሉ፤ ጥናቱን የሠራችው አሜሪካ ግን እስካሁን አትፈቅድም።

ይሁንና መጠይቁን የሚሞላው ሰው ነው። «6 ነኝ» ቢል ደመወዙ ይቀነስ፣ ስሙ ይጠፋ ይሆን ብሎ ከፈራ «2» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ «ታዲያ ሁሉም ደክሞኛል እያለ ቤቱ ቢውልስ?» የሚል አለቃ አይጠፋም። ጌታዬ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ከደከመው ሰውየውን ይመርምሩ፤ በአንድ መስመር የሚበር ሁሉ ከደከመው ግን የሚመረመረው ፕሮግራም አውጪው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እኛ ግን የደበቀውን እያጨበጨብንለት፣ የተናገረውን እየሳቅንበት ነው። «ደክሞኛል፣ ዛሬ አልበርም» ያለ አብራሪ ሲገጥመን ሰነፍ እንዳንለው። ከኋላው የተቀመጥነው እኛ ነን።