የሜይ ኮሚቴ ሪፖርትና የሥራ አጦች አበል

እ.ኤ.አ. በ1931 በእንግሊዝ አገር የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት እንዴት እንደ ወደቀ የሚተርኩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ሚኒስትሮቹ ለሁለት ከተከፈሉበት ከኦገስት ወር ነው። እኛ ግን ፍርዱ የተሰጠው ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 31 ቀን በወጣው በሰር ጆርጅ ሜይ ኮሚቴ ሪፖርት ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከፖለቲካው ግርግር ይልቅ ሪፖርቱን ራሱን ነው።

ኮሚቴው ሰባት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው በፕሩደንሺያል የኢንሹራንስ ኩባንያ ለብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ሲሆኑ፣ ከቀሩት ስድስት መካከል የሠራተኞች ፓርቲ ወገን የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የታዘዙትም የመንግሥት ወጪ የሚቀነስበትን መንገድ እንዲያመለክቱ ነበር። እነርሱም 120 ሚሊዮን ፓውንድ የበጀት ጉድለት እንደሚደርስ ተነበዩ፤ ከ96 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ እንዲቀነስ መከሩ፤ ከዚህም ውስጥ 66 ሚሊዮን ተኩሉ ከሥራ አጦች ኢንሹራንስ እንዲገኝ፣ አበሉም ከመቶ 20 እጅ እንዲቀነስ አሳሰቡ። በዚያን ጊዜ ሥራ ያጣው ሰው ቊጥር ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር።

አንባቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ 120 ሚሊዮኑ ከየት መጣ ብሎ ነው። ሪፖርቱ የቀድሞውን የመንግሥት ዕዳ ለማቃለል በየዓመቱ የሚመደበውን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ፓውንድ ከማይነካ ወጪ ቈጠረው። ለሥራ አጦች ሣጥን የሚሰጠውን ብድር ደግሞ ብድርነቱን ትቶ በሙሉ የዓመቱ ወጪ አደረገው። ይህን አቈጣጠር ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ወዲያው አጥብቀው ነቅፈውታል፤ በኛም አስተያየት ነቀፋቸው ትክክል ነው። ለአበዳሪው የሚመለሰው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ሊቈይ አይችልም፣ ለሥራ አጡ የሚበደረው ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት ማለት ምርጫ ነው። ምርጫው በሠንጠረዥ ውስጥ ቊጥር ሆኖ ሲሰፍር ግን ማንም ልብ አይለውም። በቋንቋችን ሥራ አጥና ሥራ ፈት እንደ ተለያዩ ሁሉ፣ በሒሳብም ሊለያዩ በተገባቸው ነበር።

ነገሩን ወደ አገራችን ለማቅረብ ዕድርን እናስብ። በአንድ ዓመት ብዙ ሰው ሞቶ ሣጥኑ ቢጐድል ዳኛው አባላቱን ሰብስቦ መዋጮ ይጨምራል ወይም ይበደራል እንጂ፣ ኀዘንተኛውን «ያከሰርኸን አንተ ነህ» አይለውም። ንጽጽሩ ግን ሩቅ አይወስደንም። ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በሚያዋጡበት በእንግሊዙ ሣጥን ሥርዐት መዋጮአቸው ካለቀ በኋላም የሚረዱ ብዙዎች ነበሩና፣ ሪፖርቱ ይህ ኢንሹራንስ ከኢንሹራንስነት ወጥቷል ቢል ሐሰት አይሆንም። የዕቃ ዋጋም ስለ ወደቀ አንድ ሥራ አጥ በሳምንት በሚያገኘው 17 ሺሊንግ ከቀድሞው የበለጠ ሊገዛ ይችል ነበር። ይህ ከባድ ክርክር ነው።

ይሁን እንጂ በዋጋ መውደቅ የተጠቀመው ሥራ አጡ ብቻ አይደለም። ከመንግሥት ቋሚ ወለድ የሚቀበለው ባለ ሀብትም በዚያው ወለድ የበለጠ ይገዛ ነበር። ከብዙኀኑ የተለዩት ሁለቱ አባላት፣ አርተር ፑና ቻርልስ ላተም፣ በጻፉት የተለየ አስተያየት ሸክሙ ለእነዚህም ይድረሳቸው ብለዋል። ከሰነዱ ሁሉ አብልጦ ሊነበብ የሚገባው ይህ ክፍል ሳለ፣ ጋዜጦቹ ያስተጋቡት 120 ሚሊዮን የሚለውን ቊጥር ነው።

መንግሥት ሪፖርቱን ያወጣው ፓርላማው ለዕረፍት በሚበተንበት ሰሞን፣ የራሱን ሐሳብ ሳይጨምርበት ነው። በለንደን ገንዘብ ያስቀመጡ የውጭ አገር ሰዎችም እንደ ኑዛዜ አነበቡት፤ ቀድሞም የጀመረው የወርቅ መሸሽ በረታ። ኦገስት 23 ቀን ሚኒስትሮቹ አበሉ ከመቶ 10 እጅ ይቀነስ በሚለው ላይ 11 ለ9 ተለያዩ፤ በማግሥቱም መንግሥቱ ወደቀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራምሴ ማክዶናልድ ግን ከተቃዋሚዎቻቸው ጋራ አዲስ መንግሥት አቋቋሙ። ዘጠኙን የሚያመሰግኑ ብዙዎች ናቸው። እኛ ምስጋናውን በጥቂቱ እንቀንሳለን፤ ከዚያ ቀደም ሚኒስትሮቹ ወደ 56 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሆን ቅነሳ ለጊዜውም ቢሆን ተስማምተውበት ነበርና። ሒሳቡን ከሥሩ ሳይነኩት ስለ መጨረሻው መሥመር ብቻ መከራከር ዘግይቶ መንቃት ነው።

ሴፕቴምበር 10 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ፊሊፕ ስኖውደን ያቀረቡት በጀት የ17 ሺሊንጉን አበል ወደ 15 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ አወረደው። ይህ ሁሉ መሥዋዕት የተጠየቀው ፓውንዱን ከወርቅ ጋራ አስተሳስሮ ለማቈየት ነበር። ፓውንዱ ከወርቅ የተለየው ሴፕቴምበር 21 ቀን ነው፤ ቅነሳውን የፈቀደው ሕግ የጸደቀው ግን ሴፕቴምበር 30 ቀን ነበር። የጐደለችው 1 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ ለሥራ አጡ የተመለሰችው በ1934 ነው።