ፈንዲቃ

እንደ እኔ ያለ የመርሳ ሰው ካዛንቺስ ላይ የአምባሰል ቅኝት ሲሰማ ልቡ አገር ቤት ይሄዳል፤ አምባሰል ከመርሳ ብዙም አይርቅማ። ፈንዲቃን የወደድኩት በዚህ ነው።

ፈንዲቃ ጠባብ አዝማሪ ቤት ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በሽልማት ብር እየኖረ፣ ሌሊት ባንኮኒው ሥር እየተኛ ሠርቶበታል፤ ኋላ ራሱ ያዘው። ሰፈሩ ተለወጠ፤ ፎቅ በዛ፣ አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። እሱ ግን መሰንቆውን አውርዶ ዲጄ አልሰቀለም። የሥዕል ማሳያ ጨመረ፣ ግቢውን ለግጥምና ለጃዝ ከፈተ፤ አዝማሪው እዚያው ቀረ። እኔ በጣም የማደንቀው በርጩማዎቹን ነበር። ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የተቀመጠ እንግዳ አዝማሪው በግጥም ሲሸነቁጠው መሸሻ አልነበረውም፤ ይስቅ፣ ብር ያወጣ፣ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ መልሶ ሲለማ ቤቱ ፈረሰ። ፈንዲቃም ሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ገባ። ባለኮከብ ሆቴል ውስጥ መሰንቆ! እውነቱን ለመናገር፣ ወሬውን ስሰማ አልተዋጠልኝም ነበር። ሆቴሉ ድረስ አብሮኝ የሄደው የወልድያ ልጅ ግን ከበሮው ገና ሲመታ ትከሻውን መያዝ አቅቶት ተነሣ።