ብሩን ሳይሆን ማገዶውን መዝኑ

አካውንቲንግ ተምሮ በቅርቡ ወደ እኛ ሥራ የገባ ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ ሆቴል የካርቦን ልቀት ስናሰላ፣ ሚዛን አስይዤ ወደ ጓሮ ስወስደው ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ የወጪ ሰነዱ እጃችን ላይ እያለ እንጨት የምንመዝነው ለምንድን ነው? ብሩን ወደ ዶላር ቀይረን በማባዣው ብናባዛው እኮ ከምሳ በፊት እንጨርሳለን!»

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲህ ብለው አስተምረውት ነው። ለእያንዳንዱ ዶላር ወጪ ይህን ያህል ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ የተሠራውም በአብዛኛው በሀብታም አገሮች ኢኮኖሚ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2004 የተሻሻለው የልቀት አቆጣጠር መመሪያ፣ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮልም ሆነ እሱን ተከትለው የመጡት መመሪያዎች፣ በተለይ ለስኮፕ 3 (ከአቅራቢዎችና ከደንበኞች በኩል ለሚመጣው ልቀት)፣ በገንዘብ ማስላትን አይከለክሉም። የተሻለ መረጃ ከታጣ ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ ግን መረጃው ሳይፈለግ መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ሆኗል።

የእኔ መልስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። የዚያን ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እስቲ አንድ ወጥ ቤት አስቡ፦ ያው ምድጃ፣ ያው እንጨት፣ የእንጨቱም ዋጋ ገና አልተነካም። በዶላር ስታሰሉት ልቀቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጭስ ማውጫው ሳያውቅ የባንክ ሰሌዳ አየሩን አጸዳለት ማለት ነው። ቆይቶ የእንጨቱ ዋጋ ሲንር ደግሞ ልቀቱ ተመልሶ ይወጣል። «የዋጋ ንረት ማስተካከያ አለ» ይሉኛል። አለ፤ ያን ጊዜ ግን የምንለካው ንረቱን እንጂ ጭሱን አይደለም። የሰውን ክብደት በለበሰው ልብስ ዋጋ እንደመገመት ነው።

በናፍጣ ላይ ያን ያህል አልከራከርም። ዋጋውን መንግሥት ስለሚተምን ብሩን ለሊትሩ ዋጋ ብታካፍሉት ሊትሩ ይገኛል፤ አንድ ሊትር ተቃጥሎ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ የሚሠራው ግን ከማደያ ለተቀዳው ነው። ሰልፉ ሲረዝም በጀሪካን ከጥቁር ገበያ የሚገዛው ላይ ስሌቱ ይፈርሳል፤ በእጥፍ ዋጋ የተገዛ ናፍጣ እጥፍ አይጨስም። የማቀዝቀዣ ጋዝም እንዲሁ፦ ቴክኒሻኖች ማቀዝቀዣውን ከመሙላታቸው በፊትና በኋላ ሲሊንደሩን መዝኑ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ይታወቃል፤ ማቀዝቀዣ አያርፍም። አንድ ኪሎ አር-134ኤ ካመለጠ 1,300 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን ጋዙና የቴክኒሻኑ የእጅ ዋጋ ተደባልቀው ነው የሚጻፉት። መብራቱን አልፈዋለሁ። ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ስኮፕ 2 (ከተገዛ መብራት የሚመጣው ልቀት) እዚህ አገር ኢምንት ነው፤ ድርጅቶች ሪፖርታቸው ፊት ላይ የሚያስቀምጡትም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ያለው ማገዶው ላይ ነው። በሸክም፣ በጋሪ፣ አንዳንዴም በአይሱዙ ይገባል። ደረሰኝ የለውም፤ በወጪ መዝገብ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከሳሙናና ከመጥረጊያ ጋር ይተኛል። ደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ አንድ ኪሎው ሲቃጠል 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በዝናብ ወራት የሚመጣው ርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ግማሹ ውኃ ሊሆን ይችላል። ኪሎው ያው ሆኖ ካርቦኑ በግማሽ ያንሳል፤ ዋጋው የሚወደደው ደግሞ ያኔ ነው። ብር ተከትሎ የሚያሰላ ሰው የኋሊት ይሄዳል።

ፕሮቶኮሉ ከእንጨት የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከስኮፖቹ ውጭ ለብቻው ጻፉ ይላል፤ ስኮፕ 1 (ድርጅቱ ራሱ በቀጥታ የሚለቀው) ውስጥ የሚገቡት ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ናቸው። ዛፉ መልሶ ሲያድግ ካርቦኑን ይወስደዋል ከሚል ነው። ይህን ዜሮ ነው ብሎ የሚያነብ ድርጅት ሞልቷል። እኔ እዚህ ላይ ግትር ነኝ፦ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ከድምሩ ሥር ይጻፍ፤ አጠገቡም የዛፉ ዓይነትና የመጣበት ቦታ ይግባ። ከጨንቻ በኩል የወረደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቆላ ተቆርጦ የመጣ ግራርን ማን ተክቶት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፤ የነጭ ሳር ፓርክ አካባቢ ደን በከተማው ማገዶ ምን እንደደረሰበት ደግሞ ነዋሪው ያውቃል።

ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ወላይታ ውስጥ፣ ሁምቦ አለ። እዚያ 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከየጉቶው እንዲያገግም ተደርጎ፣ በወርልድ ቪዥን አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ውስጥ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ከካርቦኑ ገዛ። ለዚህ ሽያጭ የዛፍ ግንድ ውፍረት በሴንቲሜትር ይለካ ነበር። በዚያው መንገድ አርባ ምንጭ ስትደርሱ የተቆረጠው ዛፍ በ«ልዩ ልዩ» ያልፋል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እናቴ ሚዛን አልነበራትም። ከሸክሙ አንድ ፍልጥ መዝዛ በሌላው መታ ታደርገውና፣ ድምፁን ሰምታ «ርጥብ ነው» ብላ ዋጋ ታስቀንስ ነበር። በኋላ ስለ እንጨት ርጥበት ሲያስተምሩኝ ቶሎ የገባኝ በዚያ ድምፅ ነው፤ ዛሬም መለኪያው ኪሴ ውስጥ እያለ መጀመሪያ የማደርገው ፍልጡን መምታት ነው። ሥራው የጓሮ በር ሰው አደረገኝ። እዚያ የሚቆሙት ሴቶች ሸክማቸው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ የትኛው ቤት ስንት እንደሚያነድ፣ መቼ እንደሚበዛ ከሒሳብ ሹሙ አብልጠው ያውቃሉ።

ከየት እንደቆረጡት ስጠይቅ ግን ዝም ይላሉ። አንዷ፣ «ጋሼ፣ ብነግርዎ ለደን ጥበቃው ይደርሳል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅጼ ላይ የሚሰፍረው «ግራር፣ ቆላ» ብቻ ነው፤ ሰፈርም ስምም የለም። አንድ ኦዲተር ምንጩ አልተረጋገጠም ብሎ ረድፉን ሊያስወጣው ፈልጎ ነበር። የሚዛኑን መዝገብ፣ የርጥበቱን ንባብ፣ የየቀኑን የሸክም ብዛት ዘረጋሁለት። ረድፉ አልወጣም። ስም ግን አላገኘም።