መመሪያው «ለምን» አይልም፦ የጋዝና ኤሌክትሪክ ፍሪጅ አጠቃቀም ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሂስ

መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ፣ ሲጠፋ በጋዝ ነበልባል የሚሠራ ፍሪጅ አለ። በመኪና በሚጎተቱ ማረፊያ ቤቶችና የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ሎጆች ውስጥ ይገኛል። በአፍሪካ ገጠር ጤና ተቋማትም ለብዙ ዓመታት ክትባት ሲያቀዘቅዝ የኖረው የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ይህ ሂስ ግን ፍሪጁ ላይ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ነው።

መመሪያውን ከፍተው ካዩት ትእዛዝ በትእዛዝ ነው። ፍሪጁን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ከጀርባው አየር ይተዉ፤ ሁለቱን የኃይል ምንጮች ባንዴ አይክፈቱ፤ የበሩን ላስቲክ ለብ ባለ ውሃ ይጥረጉ፤ የጋዝ ማቃጠያውን በየጊዜው ያስጠርጉ። ሁሉም ትክክል ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ድምፅ መነገሩ ነው። ላስቲክ መጥረግና ከመርዘኛ ጭስ መዳን እኩል ክብደት ተሰጥቷቸው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው የትኛውን ቢዘል ምንም እንደማይሆን፣ የትኛውን ቢዘል ፍሪጁን ወይም ራሱን እንደሚያጣ በምን ይለያል?

ሁለት አንቀጽ ፊዚክስ ይበቃ ነበር

ሐሳቡን በ1922 ያፈለቁት በስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። ኤሌክትሮሉክስ ደግሞ በ1925 ማምረት ጀመረ። በታሸጉት ቱቦዎች ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን አሉ። ከታች ያለው ሙቀት፣ ነበልባልም ይሁን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ አሞኒያውን ከውሃው አፍልቶ ያወጣዋል። አረፋዎቹም ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ጀበና ሲገነፍል ቡናው በአንገቱ ሽቅብ እንደሚወጣው ማለት ነው። የአሞኒያው እንፋሎት ከጀርባ ባሉት ክንፍ መሰል ብረቶች ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል።

ፈሳሹ ሃይድሮጅን ወዳለበት ቱቦ ይወርዳል። እዚያ የአሞኒያው የራሱ ድርሻ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በቀዝቃዛ ሁኔታ ይተናል፤ ሲተንም ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠዋል፣ ሃይድሮጅኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ዙሩም ይቀጥላል። ሞተር የለም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም። የሚያንቀሳቅሰው ሙቀትና የመሬት ስበት ብቻ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ግማሹን መመሪያ ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ፍሪጁ ቀጥ ይበል የተባለው ለውበት አይደለም። ካዘነበለ በስበት የሚወርደው ፈሳሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማፍያው በቂ ፈሳሽ ሳይደርሰው ከልክ በላይ ይግላል። ዝገት ለመከላከል የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ደግሞ ደለል ሆኖ ቱቦውን ይዘጋል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ፍሪጁ «ዝም ብሎ» ማቀዝቀዝ ያቆማል። ሁለቱን ምንጮች ባንዴ አይክፈቱ የሚባለውም ማፍያው ለአንድ ምንጭ ሙቀት ብቻ ስለተሠራ ነው።

ቀስ ብሎ ማቀዝቀዙም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ለሚበላው ለእያንዳንዱ አንድ እጅ ሙቀት ከውስጥ የሚያወጣው ሩብ እጅ አካባቢ ነው። የኮምፕረሰር ፍሪጅ ግን ከሚበላው ኤሌክትሪክ የበለጠ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ትኩስ ወጥ ከነድስቱ ቢገባበት ለሰዓታት ወደኋላ ይመልሰዋል። መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚጠፋበት ቤተሰብም በጥሩ ሁኔታ የታሸገ የኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ በሩ ሳይከፈት፣ የተሻለ ምርጫ ነው። መመሪያ ግን ገዢን እንዲህ አይመክርም።

ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ምክር

አንዳንድ መመሪያዎች ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነበልባሉ ሊያስቸግር እንደሚችል፣ በዚያ ጊዜም ኤሌክትሪክ መጠቀም እንደሚሻል ይጠቅሳሉ። የሚጠቅሱት ግን በትንሽ ፊደል፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ ወይም ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ይህ መስመር የመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የታሸገው የአሞኒያ ዑደት ተራራ ላይ ይሁን ቆላ አያውቅም፤ የራሱን ግፊት ይዞ ነው የሚሄደው። ከፍታን የሚያውቀው ነበልባሉ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል፣ የጭስ ማውጫውም የሚስበው አየር ይቀንሳል። ነበልባሉ ይዳከማል፣ ይጠፋል ወይም ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያበዛል። ቢጫ ነበልባል በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ምልክት ነው፤ አብሮት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው ይኸው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። «አየር ይተዉ» የሚለው ትእዛዝ ስለ ፍሪጁ ብቻ አለመሆኑን መመሪያው በግልጽ ሊናገር ይገባ ነበር።

«ጋዝ ይሞላ» የሚለው ቃል

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ጋዝ» ስንል ነጭ ጋዝ (ላምባ) ሊሆን ይችላል፣ የሲሊንደር ጋዝ ሊሆን ይችላል፣ ፍሪጅ ጠጋኝ «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ» ሲል የሚያወራለት የፍሪጅ ጋዝም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ለየቅል ናቸው። በዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያለው አሞኒያና ሃይድሮጅን በፋብሪካ በከፍተኛ ግፊት የታሸገ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ የሚሞላ ነገር አይደለም፤ ቱቦውን መብሳትም ሆነ መበየድ አደጋ ነው። አማርኛ መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ሦስት ነገሮች በሦስት ስም መጥራት አለበት።

«ተጠቃሚው ፊዚክስ አይፈልግም»?

ለአምራቾቹ መቆም ይቻላል፦ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነብም፣ አጭር ትእዛዝ ይሻላል። እውነትነት አለው። ሆኖም የሚያስፈልገው የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት ሳይሆን ከየትእዛዙ ኋላ አንድ «ምክንያቱም» ነው። የክትባት ፍሪጆችን ታሪክ ተመልከቱ። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ አንዳንዱ፣ ለምሳሌ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ደግሞ ሙቀቱን በትክክል ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ክሩን የምታስተካክለው፣ ጭስ ማውጫውን የምትጠርገው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሙቀቱን አንብባ የምትመዘግበው ጤና ሠራተኛ ራሷ ቴርሞስታት ነበረች። ይህን የሠራችው ምን እንደምትጠብቅ ስላወቀች ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፍሪጆች እየተተኩ ቢሆንም ትምህርቱ አልተሻረም፦ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መመሪያው ያላሰበውን ችግርም ይይዛል።

ታዲያ የመጀመሪያው ገጽ ምን ይበል? እንዲህ ቢል ይበቃል፦

- ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን። ቢጫ ከሆነ ያጥፉና ባለሙያ ይጥሩ፤ ምክንያቱም ቢጫው ጥላሸትና መርዘኛ ጋዝ ሊያመጣ ይችላል።
- የጋዝ መውጫዋን ቀዳዳ በመርፌ አይውጉ፤ ምክንያቱም ቀዳዳዋ በጥቂቱ ከሰፋች የጋዙና የአየሩ ልክ ይዛባል።
- የሲሊንደሩን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ እንጂ ክብሪት አይጫሩ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል።
- የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ወይም ከጀርባ ቢጫ እድፍ ካዩ፣ ቱቦው ፈስሷል። ያጥፉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ከክፍሉ ይውጡ፤ እድፉ መርዛማ ስለሆነ በእጅ አይንኩት።

የላስቲኩ ጉዳይ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይምጣ፤ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ማንንም አይጎዳም።